ጠያቂና ተጠያቂ

በአገራችን የታሰረ ሰው አይጎበኝም፤ ይጠየቃል። የታመመም፣ የወለደችም፣ ሐዘን የተቀመጠም እንዲሁ ነው። «ጉብኝት» የሚባለው ቲኬት ተቆርጦ ለሚገባበት ለፋሲል ግቢ ነው። ስለዚህ ማረሚያ ቤት በር ላይ «የጉብኝት ሰዓት» የሚል ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ሰሌዳውን የጻፈው ሰው እስረኛ ጠይቆ የማያውቅ ይመስለኛል። ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው እኮ ሊያይ ብቻ አይደለም የሚሄደው። «በላህ ወይ? አመመህ ወይ? ጋቢው ይሞቅሃል ወይ?» ሊል ነው።

እኔ ጠያቂ የሆንኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። የአክስቴ ልጅ በወሰን ክርክር ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ፤ ሽመል ተማዘዙ፤ ጎረቤቱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የጠቡ መነሻ አንድ ጥማድ የማይሞላ የገብስ ማሳ ነው። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። የሟች ወገን ደሙን ይዞ ተቀመጠ፤ የእኛ ወገን ስንቅ መቋጠር ጀመረ። ከቤተሰቡ ከተማ የሚኖር፣ ደመወዝ የሚበላና ማመልከቻ መጻፍ የሚችል እኔ ስለሆንኩ (ያኔ ጎንደር ውስጥ መምህር ነበርኩ) የጠያቂነቱ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ።

ማረሚያ ቤቱ ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ደጋው ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የምናገረው ሌላውም ዘንድ ያለ ነገር ነውና ስሙን ብጠራ አንዱን ለይቼ እንዳማሁ ይቆጠራል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ የወገራ ብርድ። ያን መንገድ ጠዋት የሄደበት ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ያውቃል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበህ ጥርስህ ይንገጫገጫል።

ደንቡ በሰሌዳ ተጽፏል። ረቡዕና እሁድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። መታወቂያ ያልያዘ አይገባም። ጠላ፣ አረቄ፣ ስለት ያለው ነገር ክልክል ነው። ጠያቂ ያመጣውን ምግብ ራሱ ይቀምሳል። ከዚያ ፍተሻ ነው፤ እንጀራው አንድ በአንድ ይገለጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ በሶው በእጅ ይማሳል። ከፍተሻ ያለፈ ከሽቦው ዳር ይቆማል። ሁለት አጥር ነው፣ በመሐሉ ሦስት እርምጃ ያህል ክፍት ቦታ አለ፤ ወዲያ እስረኛ፣ ወዲህ ጠያቂ። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል። እዚያ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ አንዷ ሴት ባሏን «በሬውን በስንት ልሽጠው?» ብላ ብትጮህ ከወዲያ በኩል አራት እስረኞች ዋጋ ሰጧት። አምስተኛው «ኧረ እንዳትሸጪው፣ መኸር እየደረሰ!» አላት። ባሏ የቱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁ፤ እሷም ሳትደናገር አልቀረችም።

መቅመሱ መቼም የቆየ ነገር ነው። በመርዝ መጠፋፋት በታሪካችን ያለ ስለሆነ ደንቡን የሚነቅፍ ሰው የለም። ግን ደንብ ሲወጣ ሁሉንም ቀን አያይም። በ1999 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ፈቃድ ወስጄ በሄድኩበት ረቡዕ፣ አንዲት መነኩሲት ለወንድማቸው በሶ ይዘው መጡ። ጠባቂው «ቅመሱ» አላቸው። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። «ልጄ፣ ጾም ነኝ።» «እማሆይ፣ ደንብ ነው።» «ጾሜን ላንተ ደንብ ልሽረው?» ሰልፉ ቆመ። ከኋላ ሆነው የሚጠብቁ አንዲት የእስልምና እምነት ተከታይ፣ ከገበያ ሲነግዱ የማውቃቸው ሴትዮ፣ «አምጡልኝ፣ እኔ ልቅመስላቸው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጠባቂው ግራ ገባው። ደንቡ የሚለው ያመጣው ሰው ይቅመስ ነው፤ ሌላ ሰው ቀምሶ ቢሞት ያመጣው ሰው ምን ገዶት? ኃላፊው ተጠራ። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አየና «ይቅመሱላቸው» ብሎ ተመለሰ። ሴትዮዋ በሶውን ቅመው «ጨው አንሶታል» አሉ። እማሆይ ሳይቀር ሳቁ።

ያን ዕለት ኃላፊውን ወደድኩት። ደንብን በዚያ መንገድ የሚተረጉም ሰው በየቢሮው ብንፈልግ ስንት እናገኛለን?

ስለ እስር ካወራን አይቀር፣ ጎንደሬን ነገሩ ከሌላው ይበልጥ ይመለከተዋል። «ወህኒ» የምንለው ቃል የመጣው ከእኛው አገር ተራራ ነው። ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ፣ በለሳ በኩል፣ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ወህኒ የሚባል አምባ አለ። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ዙፋን ይሻማሉ የተባሉ የነገሥታት ልጆች እዚያ ላይ ይጋዙ ነበር። ጥፋታቸው መወለዳቸው ነው። አምባውን የሚጠብቁት ሰዎች ዋና ሥራ ከታች የሚመጣ ሰው ከላይ ካለው ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ነበር፤ ያለ ንጉሥ ፈቃድ የሚጠይቃቸው ሰው ማለት ሊያነግሣቸው የመጣ ሰው ማለት ነውና። እ.ኤ.አ. በ1769 አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ታላቁ ኢያሱ (1682–1706 እ.ኤ.አ.) በነገሠ ጊዜ ራሱ ወደ ወህኒ ሄዶ ዘመዶቹን ጠየቀ። ተጎሳቁለው፣ ልብሳቸው አልቆ አገኛቸው። አለበሳቸው፣ አብሯቸው ማዕድ ቆረሰ፣ ለኑሯቸው የሚሆን ገቢም መደበላቸው። እንግዲህ ንጉሡ ጠያቂ ሆኖ ባይሄድ ኖሮ ያሉበትን ሁኔታ የሚነግረው አልነበረም። የጠያቂ ጥቅሙ አንዱ ይኸው ይመስለኛል፤ ስንቅ ከማቀበሉ ሌላ፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን አይቶ የሚወጣ ዓይን ነው።

የተራራው ስም በመላ አገሪቱ የእስር ቤት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። አዲስ አበቤዎች ደግሞ ከጣሊያንኛው «ካርቸሬ» ወስደው ከርቸሌ አሉት። አሁን ማረሚያ ቤት እንለዋለን። ስሙ ተሻሽሏል፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ ወህኒ እንጂ ሌላ ስም አልጠራችም። ምክንያት ነበራት። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ወንድሟ ታስሮ በየቀኑ ምሳ ታመላልስ ነበር። ጠያቂ እስረኛውን አያይም፤ አገልግሉ ይገባል፣ ባዶው ይመለሳል። ባዶ መመለሱ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ቀን አገልግሉ እንደሞላ ተመለሰላት። «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» አሏት። በዚያን ዘመን በየከተማው መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነበር። እናቴ አገልግሉን ተሸክማ ቤት እስክትደርስ አላለቀሰችም። ማልቀስም ያስጠይቅ ነበርና። ከዚያ በኋላ ያንን አገልግል እንቁላል ማስቀመጫ አደረገችው፤ ምግብ ተቋጥሮበት አላየሁም።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሣኝ እሱ ነው።

ሰኔ 1999 ዓ.ም.፣ እሁድ ነው። አውቶቡሱ ዳባትን ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለውም። (ኖሮትም አያውቅም።) ማረሚያ ቤቱ በር ስደርስ ከስድስት ሰዓት አልፏል፤ በሩ ተዘግቷል። ከኔ ሌላ የቀረች አንዲት ሴት ነበረች። ስልሳን የተሻገረች ትመስላለች። ባዶ እግሯን ናት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ከትከሻዋ በሶ የሞላ ስልቻ አንግታለች። ከጃናሞራ በኩል ነው የመጣችው፣ አንድ ቀን ተኩል በእግሯ ተጉዛ። የመጣችው በሰዓቱ ነበር፤ ከጠዋቱ ጀምራ እዚያው ናት። የከለከሏት መታወቂያ ስለሌላት ነው። በሕይወቷ መታወቂያ ይዛ አታውቅም። ማን ይጠይቃታል? በሰፈሯ የማያውቃት የለም።

ጠባቂው በሩን ከፍቶ «አልቋል» ሊለኝ ሲል ከኋላው ኃላፊው ብቅ አለ። አየኝ፤ አተኩሮ አየኝ። «መምህር! አላወቁኝም?» አለ። የእማሆይን በሶ ያስቀመሰው ያው ሰው ነው። ለካስ አሥረኛ ክፍል አስተምሬው ነበር፤ ያን ዕለት እሱም እኔን አላየኝ። «ይግቡ እንጂ፣ ምን ብርድ ላይ ቆመዋል!»

ልገባ ስል ሴትዮዋ የጋቢዬን ጫፍ ያዘችኝ። «ልጄዋ፣ አንተ የምትታወቅ ሰው ነህ። ልጄን እናትህ በር ላይ ናት በልልኝ። ብቻ ይኸን ንገርልኝ» አለችኝና የልጇን ስም ከነአባቱ ነገረችኝ። «እሺ እናቴዋ» ብያት ገባሁ።

ቢሮ ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ። የአክስቴ ልጅ ተጠርቶ መጣና አጠገቤ በወንበር ተቀመጠ፤ ሽቦ የለ፣ ጩኸት የለ። ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገረኝ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዕርቁ፣ የሟች ወገን ሽማግሌ ተቀብሎ እንደሆነ። ኃላፊው ስለ ድሮ መምህራን አንሥቶ አሣቀኝ። ሴትዮዋን አልረሳኋትም። እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጥታ ነበር። ግን ከሰዓት ውጭ ገብቼ፣ ወንበር ተሰጥቶኝ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ሌላ ውለታ መጠየቅ ከበደኝ። ትንሽ ቆይቼ እላለሁ እያልኩ ሳለ የአክስቴ ልጅ ተነሥቶ ሄደ፤ እኔም ተነሣሁ። በሩ ላይ ስወጣ ዝናብ ይወርዳል። ሴትዮዋ የለችም። ከበሩ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ልጅ «መሽቶባት እንዳታድር ሄደች» አለችኝ። በሶውንስ? «ማን ይቀበላታል፣ ይዛው ሄደች።»

ክረምቱ ገባ፤ ሥራም መንገዱም ያዘኝና ሁለት ወር ሳልሄድ ቀረሁ። በነሐሴ ስሄድ መጀመሪያ ያነሣሁት የልጁን ስም ነው። ኃላፊው መዝገብ ገልጦ አየ። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛውሯል። ቦታ ጠቦ ሃያ ያህል እስረኞች ተልከዋል። ከእናቱ ቤት ሲቆጠር ሌላ ሁለት ቀን ይርቃል።

«እናቱ ታውቃለች?»

«ማን ይነግራታል? መምህር፣ አይቆጡኝና፣ እናቱ መሆኗን በምን አወቁ?»

«እሷ ነገረችኛ!»

ኃላፊው በሩን ዘጋና አንድ ነገር አጫወተኝ። ከዓመት በፊት አንድ ሰው መጥቶ የአንድ እስረኛ አጎት ነኝ አለ። መታወቂያ የለውም፤ ደንቡ ያኔ ላላ ያለ ስለነበር ገባ። ስንቅ አምጥቷል፣ ቀምሷል፣ ተፈትሿል፤ ቢላ የለው፣ ምን የለው። ስለ እስረኛው ጤና ጠየቀ፤ አመክሮ ይታሰብለት እንደሆነ ጠየቀ፤ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀ። አንድ ሌላ እስረኛ ከሩቅ አይቶ ባያውቀው ኖሮ፣ ሰውየው የሟች ወንድም መሆኑ አይታወቅም ነበር። የመጣው የመፍቻውን ቀን ቆርጦ መንገድ ላይ ሊጠብቅ ነው። «መምህር፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ደም ሲፈስ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። «ስንት ጠያቂ፣ ስንት ጠባቂ እንዳለኝ ያውቃሉ? በር ላይ አራት ሰው ነው ያለኝ።»

የምመልስለት አጣሁ። በእኛ አገር ደም ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው የምችለው እኔ አይደለሁም፤ የአክስቴ ልጅም የሚወጣበትን ቀን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው አለ። ያንን መታወቂያ ጠያቂ ዘበኛ የአክስቴን ልጅ ሕይወት ይጠብቅልኛል። ግን አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እኔስ? እኔን ማን መታወቂያ ጠየቀኝ? ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ኬሚስትሪ ስላስተማርኩት አይደል የገባሁት?

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀ ጀምሮ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። የታሰሩ ሰዎች ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸውና ከጓደኞቻቸው፣ ከሃይማኖት አባት፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር የመገናኘትና በእነዚህ የመጠየቅ ዕድል እንዲያገኙ ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ መብቱ የተሰጠው ለታሳሪው ነው። ከጃናሞራ የመጣችው እናት መታወቂያ አልነበራትም፤ እሺ። መብቱ ግን የልጇ ነው፤ እሱ ደግሞ ስሙ ከነአያቱ፣ የጣት አሻራው፣ የተወለደበት ቀበሌ በመዝገብ ያለ ሰው ነው። ሽቦው ዳር አምጥቶ ከሩቅ ማሳየትና «ይህች ማናት?» ብሎ እሱን መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እናቱን የማያውቅ ልጅ የለም። የሟች ወንድም ቢሆንም እስረኛው ራሱ ቀድሞ ያውቀዋል። አለበለዚያ ልጁ ሲገባ «ማን ይጠይቅሃል?» ተብሎ ስማቸው ይመዝገብ፤ የንስሐ አባት ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ይበቃል ይባል።

በእርግጥ ዝርዝር ማስመዝገቡም እንደያዡ ነው። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ቃሊቲ ታስራ የነበረችው ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ የረሃብ አድማ ያደረገችው ጠያቂዎቿ ስለተገደቡባት ነበር፤ እህቷና እጮኛዋ ሳይቀሩ ተከልክለው ነበር። እዚያ ዝርዝሩ የሚያገለግለው ለመለየት አልነበረም፤ ለመነጠል ነው። አንድ ወረቀት እናትን ለማስገባትም እህትን ለማስወጣትም ይሆናል።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ባጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም በሚጠሩት ደንቦች ውስጥ፣ እስረኛ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ ይያዝ የሚል አለ። ማንዴላ ራሱ ሮበን ደሴት ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በስድስት ወር አንድ ጠያቂ፣ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር የሚፈቀድለት። ለኛ ደጋ ሰው «ቅርብ» ማለት በኪሎ ሜትር አይለካም። መኪና ለደረሰበት ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ግማሽ ቀን አይሞላም፤ ገደል ወርዳ ወንዝ ለምትሻገር ሴት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሁለት ፀሐይ ነው። ዝውውር የሚፈርመው ሰው ካርታ ላይ ሲያይ ይህ አይታየውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ጥየቃ በመላ አገሪቱ ሲቆም የከተማው ሰው ስንት ተጨነቀ! ጃናሞራ ያለች እናት ምናልባት መከልከሉን የሰማችው በሩ ላይ ደርሳ ይሆናል። በቅርቡ ዓመታት ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ፣ መንገዱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ በዛ።

ያን የነሐሴ ዕለት ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። ከኃላፊው ቢሮ ወጥቼ ሻይ ወደምትሸጠው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀደድኩና የልጁን ስም፣ የተዛወረበትን ከተማ፣ እዚያ ለመድረስ ከየት መኪና እንደሚያዝ ጻፍኩ። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፤ የሚያነብላት አታጣም። መሐሉ ላይ ሃምሳ ብር አጠፍኩበት። «ያቺ የበሶዋ ሴት ስትመጣ ስጫት» አልኳት። ልጅቷ ተቀብላ ስኳር የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው።

በመስከረም ስሄድ ወረቀቱ እዚያው ነበር። በጥቅምትም ነበር፤ ስኳሩ ነክቶት ጠርዙ ተጣብቋል። በታኅሣሥ ስጠይቃት «ወሰደች» አለችኝ።

«እሷ ናት? ስልቻ የምትይዘዋ? ባዶ እግሯን የነበረችው?»

«አንዲት እናት ናት። ልጄን ፈልጌ አለች፣ ሰጠኋት።»

«ስሙን ጠየቅሻት? የልጇን ስም?»

«አንቱ ደግሞ!» አለች ብርጭቆውን እያለቀለቀች፤ «እኔ መታወቂያ አላይ።»